ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ መዝገብ ራሱን እንዴት ያሳይ?

ደጋፊ፦ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቀን በቀን የሚገለገልበት ዲክሽነሪ የተባለው የመረጃ መያዣ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ከዋጋው ጋር አጣምሮ የሚያስቀምጥ መዝገብ ሲሆን፣ ኦርደርድ ዲክት የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ቁልፎቹ የገቡበትን ቅደም ተከተል ጭምር አክብሮ የሚይዝ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርን አቋርጦ ወደ ቡሬ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የሚገኙት የአስተዳደሩ የወረዳ መቀመጫ ከተሞች ቁልፍ፣ ወረዳዎቻቸው ደግሞ ዋጋ ሆነው ቢገቡ፣ መንገደኛ እንደሚያገኛቸው ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊ እየተባሉ በተርታ ይቀመጣሉ። ነገር ግን መዝገቡ እንዲታይ ሲታዘዝ፣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በነበሩት የፓይተን ዕትሞች የሚወጣው ጽሑፍ ይህን ይመስል ነበር፦

ኦርደርድዲክት([('ዳንግላ', 'ዳንግላ'), ('አዲስ ቅዳም', 'ፋግታ ለኮማ'), ('እንጅባራ', 'ባንጃ'), ('ቲሊሊ', 'ጓጉሳ ሽኩዳድ')])

ለአራት ከተሞች ስድስት ጥንድ ቅንፍና 16 የጥቅስ ጭረት ወጥቷል ማለት ነው። ይህን አትሞ ለማንም ቢሮ ኃላፊ ማቅረብ ስለማይቻል፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ከኦርደርድ ዲክት የሚወርስ፣ ክላስ የተባለ የራሱን የነገር ዓይነት ሠርቶ፣ መዝገቡ የሚታይበትን መልክ እንደ ፍላጎቱ ቢቀይር ተገቢ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ቅንፉ የበዛው ሥራ ስላለው ነው። ፓይተን ለማንኛውም ነገር ሁለት የመታያ መንገዶችን ያዘጋጃል፤ አንደኛው ስትር የሚባለው ሲሆን ውጤቱን ለሚያነብ ለማንኛውም ሰው የታሰበ ነው፤ ሁለተኛው ሪፐር የሚባለው ሲሆን ስሕተት ለሚፈልገው ለፕሮግራም ጸሐፊው የታሰበ ነው። የሪፐር ጽሑፍ፣ በተቻለ መጠን፣ ተገልብጦ መልሶ ለፓይተን ቢሰጥ ያንኑ ነገር እንደገና የሚፈጥር መሆን አለበት የሚል የቆየ ልማድ አለ። ከላይ የተጻፈው ዝብርቅርቅ የሚመስል መስመር ይህን ያሟላል፤ የማዕዘኑ ቅንፍ ዝርዝር መሆኑን፣ ክብ ቅንፎቹ ቁልፍና ዋጋ ጥንድ መሆናቸውን፣ የጥቅስ ጭረቶቹ ደግሞ «አዲስ ቅዳም» በሁለት ቃላት የተጻፈ አንድ ስም እንጂ ሁለት ከተማ አለመሆኑን ይናገራሉ። ለቢሮ ኃላፊ የሚቀርብ ወረቀት ሲያስፈልግ፣ ያን የሚያዘጋጅ ራሱን የቻለ ፈንክሽን፣ ማለትም ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ መጻፍ ይቻላልና መዝገቡን መንካት አያስፈልግም።

ደጋፊ፦ በሁለቱ መንገዶች መካከል የተነገረው ድንበር በመጽሐፍ እንጂ በሥራ ላይ የለም። ዲክሽነሪ ስትር የሚባለውን መንገድ ለራሱ ስላላበጀ፣ ፕሪንት የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ወደ ሪፐር ይመለሳል፤ ስለዚህም ለፕሮግራም ጸሐፊው የታሰበው ጽሑፍ ሳይጠራ ለሁሉም ሰው ይደርሳል። በሌላ በኩል፣ ይህ መልክ የማይነካ ነው እንዳይባል ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። ኦርደርድ ዲክት አርሚን ሮናኸርና ሬይመንድ ሄቲንገር ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በፓይተን 3.1፣ በዓመቱም በ2.7 ገባ። ተራው ዲክሽነሪ በ2016 በወጣው በ3.6 ቅደም ተከተል መጠበቅ ጀመረ፤ በ2018 በወጣው በ3.7 ደግሞ ይህ ጠባዩ የቋንቋው ሕግ ሆነ። በመጨረሻም በ2023 በወጣው በ3.12 የኦርደርድ ዲክት ሪፐር ተቀየረና፣ የጥንዶች ዝርዝር ቀርቶ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ቁልፍና ዋጋው በሁለት ነጥብ ተለይቶ ይታይ ጀመር። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው የቀየሩትን መልክ አንድ የዳንግላ ፕሮግራም ጸሐፊ ለራሱ ሥራ ቢቀይረው ነውሩ ምንድን ነው?

ተጠራጣሪ፦ ምሳሌው ጥሩ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለተቃራኒው ወገን ነው። ጥምዝ ቅንፍ ቀድሞ ሊገባ ያልቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተራው ዲክሽነሪ ቅደም ተከተል በማይጠብቅበት ዘመን፣ በጥምዝ ቅንፍ የተጻፈ መዝገብ ተገልብጦ ለፓይተን ቢሰጥ ቲሊሊ ከዳንግላ ቀድማ ልትገኝ ትችል ነበር፤ የጥንዶች ዝርዝር ግን ዝርዝር በመሆኑ ተርታውን አያጣም። ስለዚህ ለውጡ የተደረገው ጽሑፉ እውነቱን መናገር በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ኦርደርድዲክት የሚለው ስም ከቅንፉ ፊት አልተነሣም። ስሙ እንዲቆይ የሚያስፈልግበትም ምክንያት አለ፤ ሁለት ተራ ዲክሽነሪዎች ቁልፍና ዋጋቸው አንድ ከሆነ ተርታቸው ቢለያይም እኩል ናቸው ተብሎ ይፈረዳል፤ ሁለት ኦርደርድ ዲክቶች ግን ተርታቸው ከተለያየ እኩል አይደሉም። ከባሕር ዳር ወደ ቡሬ የተጻፈውና ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የተጻፈው መዝገብ በአንደኛው ዓይነት አንድ፣ በሁለተኛው ዓይነት ሁለት ናቸው ማለት ነው። ስሙን አንሥቶ፣ ቅንፉን ገፎ፣ ከተሞቹን በየመስመሩ ብቻ የሚያሳይ ክላስ ይህን ልዩነት ከዓይን ይሰውረዋል፤ ፕሮግራም ጸሐፊውም አንድ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ለምን እኩል አይደሉም ተብሎ እንደተፈረደባቸው ሲፈልግ ይመሻል። ለውጡ ያስከተለውም ዋጋ አለ፤ ዶክቴስት የተባለው የመፈተሻ ዘዴ የታተመውን ጽሑፍ ከተጠበቀው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽር፣ በቀድሞው መልክ የተጻፉ ፈተናዎች በ3.12 ላይ ወደቁ ማለት ነው።

ደጋፊ፦ ስሙ ይቆይ፤ የእኩልነቱ ነገር በእውነትም የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ቅደም ተከተልን በመሰወር የሚታማው አዲስ የሚሠራው ክላስ ብቻ ተደርጎ እንዳይቀርብ፣ ከቋንቋው ጋር የሚመጣው ፒፕሪንት የተባለው የማሳመሪያ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ መታየት አለበት። ይህ መሣሪያ ረዘም ያለ ዲክሽነሪን በየመስመሩ ከፋፍሎ የሚያትም ሲሆን፣ ተራውን ዲክሽነሪ ከማተሙ በፊት ቁልፎቹን በፊደል ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ይህን ድርደራ ማስቀረት የተቻለው በ2019 በወጣው በ3.8 አዲስ ምርጫ ሲጨመር ነው፤ አሁንም ቢሆን ምርጫው ካልተነገረው በስተቀር ይደረድራል። የኢትዮጵያን 13 ወራት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጳጉሜን በመዝገብ አስገብቶ ለፒፕሪንት የሰጠ ሰው የሚያገኘው ዓመት በሐምሌ ይጀምራል፤ ከሐምሌ ቀጥሎ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያና ሰኔ ይመጣሉ፤ ከዚያ ታኅሣሥ ከኅዳር ቀድሞ ይገኛል፤ ጥር ከጥቅምት ይቀድማል፤ ነሐሴ በየካቲት ዋዜማ ይውላል። ጳጉሜን ብቻ በቦታዋ በመጨረሻ ትቀራለች፤ እሷም ብትሆን የቀረችው በ«ጰ» ስለምትጀምር ነው።

ተጠራጣሪ፦ በፊደል መደርደር ራሱ በደል አይደለም፤ ስሙን ይዞ የሚፈልግ ሰው በቶሎ የሚያገኘው በፊደል ከተደረደረ ብቻ ነው።

ደጋፊ፦ በየትኛው ፊደል? በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ይማራል፤ ሁለቱም የፊደል ቅደም ተከተሎች ናቸው፣ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ፓይተን የሚከተለው ሁለቱንም አይደለም፤ የሚያየው ለእያንዳንዱ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት የቁጥር ሥርዓት የተሰጠውን ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ በሀለሐመ ተርታ ስለተቀመጠ ውጤቱ ሀሁን ይመስላል እንጂ፣ ማሽኑ ፊደልን አያውቅም። ወሩ «ኅዳር» ተብሎ ቢጻፍ ከታኅሣሥ በኋላ ይገኛል፤ «ህዳር» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ ሐምሌን እንኳ አልፎ የዓመቱ መጀመሪያ ይሆናል። በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞችም ከዚህ አያመልጡም፤ ቲሊሊ በ«ቲ» ከተጻፈች ድርደራው ከአራቱ ከተሞች አንደኛ ያደርጋታል፤ አንድ ጸሐፊ በ«ጥ» ቢጽፋት ግን ከዳንግላም ኋላ ተገፍታ መጨረሻ ላይ ትወድቃለች። ከተማዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ሁሉ የድርደራ እንጂ የሪፐር ጥፋት አይደለም፤ ኦርደርድ ዲክትን ፒፕሪንት አይደረድረውምና። እንዲያውም የራሱን ሪፐር የሚጽፍ ሰው ያለውን መልካም ነገር ያጣል፤ ፒፕሪንት አንድን ነገር እንዴት በየመስመሩ እንደሚከፋፍል የሚወስነው የነገሩን ሪፐር አይቶ ስለሆነ፣ ሪፐሩ የተቀየረበትን ክላስ ሲያገኝ የሚያውቀው ዓይነት አይመስለውም፤ ስለዚህ ሳይከፋፍልና ሳያሳምር እንዳለ አንድ ላይ ያወጣዋል። ለማሳመር የተጻፈው ኮድ ማሳመሪያውን ያጠፋዋል ማለት ነው። ሌላም ጣጣ አለ፤ መዝገብ በውስጡ ራሱን እንደ ዋጋ ቢይዝ ነባሩ ሪፐር ሦስት ነጥብ ጽፎ ያልፈዋል፤ በችኮላ የተጻፈ ሪፐር ግን ራሱን በራሱ እየጠራ ሄዶ ፕሮግራሙን ያስቆመዋል። ይህን የሚከላከል መሣሪያ በቋንቋው ውስጥ ከ3.2 ጀምሮ ቢኖርም፣ ስለ መኖሩ የሚያውቅ ጀማሪ ጥቂት ነው።

መዝገብ ያዥ፦ ክርክሩ ማሽኑን ለሚሠሩት እንጂ ወረቀቱን ለሚቀበሉት የተደረገ አይመስልም። በመዝገብ ቤት ሥራ ሁለት ዓይነት ተርታ አለ፤ በትምህርት ቤት የተማሪዎች ስም በፊደል ተደርድሮ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በየወሩ የሚዞር የጽዋ ማኅበር ስም ዝርዝር ግን በፊደል ቢደረደር ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ የሚናገረው ማን አባል እንደሆነ ብቻ አይደለም፣ ጽዋው ከማን ወደ ማን እንደሚያልፍም ጭምር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንጅባራ ላይ ሲያከብር፣ ከየወረዳው የሚመጡት ፈረሰኞች ወደ ሜዳው የሚገቡበት ተራ በኮምፒዩተር ቢያዝ፣ የሚታተመው ወረቀት ተራውን እንዳለ ካላሳየ መዝገቡ ምን ረባ? ደግሞም ዝርዝሩ በአማርኛ ብቻ አይጻፍም፤ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቡ ቋንቋ በአውኝኛ ይሰጣል፤ ቋንቋው ራሱ ስሙን «አውጚ» ብሎ የሚጽፈው አማርኛ በማያውቀው በ«ጘ» ቤት ፊደል ነው። ይህ ፊደል ተጽፎ ሲገባ እንደ ገባ ይወጣል?

ደጋፊ፦ እትዬ የጠየቁት የነገሩ ልብ ነው። በድሮው በፓይተን 2 አይወጣም ነበር፤ ዲክሽነሪ ሲታተም በውስጡ ያሉትን ጽሑፎች በሪፐር ስለሚያሳይና የዚያ ዘመን ሪፐር ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ በኮድ ስለሚተካ፣ አማርኛውም አውኝኛውም በጭረትና በቁጥር ተሸፍኖ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ይህን አስተካከለ፤ «ጘ»ም በዩኒኮድ ውስጥ በ«ገ» እና በ«ጠ» መካከል ቦታ ስላላት በደኅና ትታያለች። ችግሩ ፈጽሞ ጠፋ ለማለት ግን አይቻልም። ጄሰን የተባለውና መረጃን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ለማስተላለፍ የሚያገለግለው የአጻጻፍ ሥርዓት፣ በፓይተን ሲዘጋጅ ካልተከለከለ በስተቀር ዛሬም ኮዱን ይመርጣል፤ አራት ፊደል ያላት ዳንግላ በ24 ምልክቶች ተጽፋ ትወጣለች። ለጉራጌኛ ተብለው በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት ፊደላትም በፓይተን 3.10 ሪፐር ውስጥ ፊደል መሆናቸው ስለማይታወቅ በኮድ ይታያሉ፤ በ3.11 ግን በመልካቸው ይወጣሉ። እንግዲህ የመታያው መልክ ገለልተኛ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ አንድ ሰው አስቀድሞ የወሰነው ነገር ነው፤ የወሰነው ሰው ደግሞ እንጅባራ ያለውን አንባቢ በአእምሮው ይዞ አልነበረም።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ብርቱ ቃል ነው፤ ነገር ግን የተጠቀሱት ጉዳቶች አንድ በአንድ ሲታዩ መድኃኒታቸው የክላሱን ሪፐር መቀየር አይደለም። የጄሰን ኮድ የሚጠፋው አንድ ምርጫ በመንገር ነው፤ ጄሰን ሪፐርን ጨርሶ ስለማይጠይቅ ሪፐር ቢቀየርም ባይቀየርም ለእርሱ አንድ ነው። የጉራጌኛው ነገር የሚፈታው አዲስ ዕትም በመጫን ነው። የወረቀቱ አቀማመጥም ቢሆን፣ በሪፐር ውስጥ ባዶ ቦታ እየቆጠሩ ዓምድ ማሰለፍ ለላቲን ፊደል ይሠራ ይሆናል እንጂ፣ የአማርኛ ፊደላት በአብዛኛው ስክሪን ላይ እኩል ስፋት ስለሌላቸው «መ» እና «ነ» የያዙ ሁለት መስመሮች በቁጥር እኩል ሆነው ሳለ በዓይን ይዘባረቃሉ። እትዬ ለሚፈልጉት ወረቀት ትክክለኛው ነገር መዝገቡን ተቀብሎ በሠንጠረዥ የሚያወጣ ፈንክሽን ነው፤ ዛሬ ለመዝገብ ቤት፣ ነገ ለበዓሉ አዘጋጅ፣ ከነገ ወዲያ ለትምህርት ቤት የተለያየ ፈንክሽን ይጻፋል። መዝገቡ ግን አንድ ሪፐር ብቻ ስላለው ለሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊሆን አይችልም።

ደጋፊ፦ ፈንክሽኑ የሚጠራው አስታዋሽ ሲኖር ነው። ፕሮግራሙ ሌሊት ላይ ቢሰናከል፣ ስሕተት በሚመዘገብበት ፋይል ላይ የሚጻፈው የመዝገቡ ሪፐር ነው፤ መዝገቡ በሌላ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ ዝርዝሩ ሲታተም የሚጠራው የውስጡን ሪፐር ነው፤ ማንም ወደዚያ ገብቶ ፈንክሽኑን ሊጠራለት አይችልም። ነገር ግን ጋሼ «አንድ ሪፐር ለሦስት አንባቢ» ያሉት መልስ የሚያስፈልገው ስለሆነ፣ መካከለኛ መንገድ ይቅረብ። ፓይተን ፎርማት የሚባል ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ይህም አንድ ነገር በጽሑፍ መሐል ሲገባ ከጎኑ የሚጻፍለትን መመሪያ አንብቦ በዚያ መሠረት ራሱን እንዲያሳይ የሚያደርግ ነው። የክላሱ ጸሐፊ «በተርታ»፣ «በፊደል»፣ «በሠንጠረዥ» የሚሉ ሦስት መመሪያዎችን ቢያስተምረው፣ ሪፐሩ ሳይነካ እያንዳንዱ አንባቢ የፈለገውን መልክ ያገኛል። ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ «መንገድ» የተባለውን መዝገብ «በተርታ» አሳይ ማለት ከሞላ ጎደል በአማርኛ የሚጻፍ ትእዛዝ ይሆናል።

ተጠራጣሪ፦ ሪፐር ካልተነካ የመጀመሪያው ተቃውሞ ግማሹ ይነሣል፤ ፎርማት ጨዋ መንገድ ነው። የቀረው ግማሽ ግን ከኮድ ይልቅ ወደ ሰው የሚቀርብ ነው። «በተርታ» የሚለው መመሪያ ራሱ የማን ተርታ እንደሆነ አይናገርም። የአገው ሕዝብ ከሰባት ወንድማማቾች ይወረዳል በሚለው ትውፊት ሰባት ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ዚገም፣ ቋቁራና መተከል ናቸው፤ እነዚህን ቁልፍ አድርጎ መዝገብ የሚሠራ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ አንዱን ፊት ሌላውን ኋላ ማስገባት አለበት። በፊደል ቢደረድራቸው መተከል አንደኛ፣ ጫራ ሰባተኛ ይሆናሉ፤ የዩኒኮድ ቁጥር ስለ ታላቅና ታናሽ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ማንም አይቀየምበትም። «በተርታ» ተብሎ ሲታተም ግን አንባቢው ከተርታው ጀርባ የልደት ወይም የክብር ቅደም ተከተል አለ ብሎ ያምናል፤ በእውነቱ ያለው ግን ጸሐፊው ያን ቀን ጠዋት ስሞቹን የጻፈበት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የጥንቱ አስቀያሚ ሪፐር አንድ በጎነት ነበረው፤ ማንም እንደ ሰነድ አይቆጥረውም ነበር። ሲያምር ይታመናል።

ደጋፊ፦ እንዲህ ከሆነ ክላሱ የተርታውን ምንጭ ከራስጌው እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሲታተም የመጀመሪያው መስመር «በገቡበት ቅደም ተከተል» ወይም «በመንገዱ ቅደም ተከተል፣ ከባሕር ዳር ወደ ቡሬ» ይላል። አስቀያሚነትን መጠበቂያ ከማድረግ ይልቅ እውነቱን በቃል መጻፍ ይሻላል፤ ቅንፍና የጥቅስ ጭረት ያላነበበው ሰው ማስጠንቀቂያውንም አያነበውም።

መዝገብ ያዥ፦ «በገቡበት» የሚለው ቃል ስንት ቀን ይጸናል? በመዝገብ ቤት ውስጥ ስም የማይታረምበት ሳምንት የለም። ከማኅበሩ አባላት የአንዱ ስም በ«ሠ» መጻፍ ሲገባው በ«ሰ» ተጽፎ ቢገኝና ቢታረም፣ ሰውየው በቦታው ይቆያል?

ተጠራጣሪ፦ አይቆይም። የቁልፍን ዋጋ መቀየር ቦታውን አይነካም፤ ቁልፉን ራሱን መቀየር ግን በፓይተን ስለማይቻል አሮጌው ይሰረዝና አዲሱ ይገባል፤ አዲስ የገባ ቁልፍ ደግሞ፣ በተራው ዲክሽነሪም ሆነ በኦርደርድ ዲክት፣ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ጽዋ ያወጣ የነበረው ሰው ስሙ በመታረሙ ብቻ የመጨረሻው ተረኛ ይሆናል፤ የሚያምረው ወረቀትም ከራስጌው «በገቡበት ቅደም ተከተል» ብሎ ይህን ያጸናዋል። በቃል ደረጃ ሐሰት አልተናገረም፤ የታረመው ስም በእርግጥ መጨረሻ ገብቷል። ከዚህም በላይ ኦርደርድ ዲክት ከተራው ዲክሽነሪ ተለይቶ ዛሬ ድረስ ከሚፈለግባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አንድን ቁልፍ ወደ መጨረሻ ወይም ወደ መጀመሪያ የሚያንቀሳቅስ ትእዛዝ ስላለው ነው፤ ያ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ «በገቡበት» የሚለው ራስጌ ግልጽ ሐሰት ይሆናል፣ ክላሱም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ደጋፊ፦ የሚያውቅበት መንገድ ሊሠራለት ይችላል፤ የሚወርሰው ክላስ የማንቀሳቀሻውን ትእዛዝ ራሱ ተቀብሎ ራስጌውን «ተርታው ተቀይሯል» ወደሚል እንዲለውጥ ማድረግ የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ስም ማረሚያም ሊጨመርለት ይችላል፤ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር በአዲስ መልክ ገንብቶ፣ የታረመውን ስም በአሮጌው ቦታ የሚያስገባ።

ተጠራጣሪ፦ ይህን ሁሉ የሚሠራው ክላስ እንግዲህ የማሳያ መልኩ የተቀየረ መዝገብ መሆኑ ቀርቶ የጽዋ ማኅበር ጸሐፊ ሆኗል። ተርታው ይህን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ እንደ መረጃ ይያዝ፤ ለእያንዳንዱ አባል በዋጋው ውስጥ ተራ ቁጥሩ ይጻፍና፣ ማተሚያው ያን ቁጥር ተከትሎ ያትም። ያን ጊዜ ስም ቢታረም፣ ቁልፍ ቢሰረዝ፣ ፒፕሪንት በፊደል ቢደረድር ሰውየው ተራውን አያጣም፤ ኦርደርድ ዲክትም አያስፈልግም።

መዝገብ ያዥ፦ ተራ ቁጥር መስጠት የቆየ ሥራ ነው፤ ጣጣውም የታወቀ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አዲስ አባል ቢገባ ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ይሰረዝና እንደገና ይጻፋል፤ አንዱ ከተረሳ ሁለት አምስተኛ ይኖራል፤ በዚያ ወር ጽዋውን ማን እንደሚያወጣ የሚወስነው ወረቀቱ መሆኑ ይቀርና ሽማግሌ ይሆናል።

ደጋፊ፦ ቅደም ተከተሉን ራሱ የሚጠብቅ መዝገብ የተሠራውም ሁለት አምስተኛ እንዳይኖር ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሊይዝ አይችልም።

ተጠራጣሪ፦ ሊይዝ አይችልም፤ ስሙ የታረመው ሰው ግን ከሦስተኛ ወደ መጨረሻ ሲሄድ የሚጮህ ነገር የለም። ሁለት አምስተኛ ያለበት ወረቀት ስሕተቱን ለማንም አንባቢ ያሳያል።